ቁልፍ የያዘው ሰው

ቶሮንቶ፣ ዳንፎርዝ ጎዳና ላይ ቡና እስኪቀዳልኝ ስጠብቅ አሮን በርሄ ትዝ አለኝ፤ የአስመራው «ሰቲት» ጋዜጣ ዋና አዘጋጅ። በመስከረም 2001 እ.ኤ.አ. የኤርትራ መንግሥት የግል ጋዜጦችን ዘግቶ ጋዜጠኞቹን ሲለቅም፣ እሱ ተደብቆ ከርሞ በሱዳን በኩል አመለጠ። ባልደረባው ዳዊት ይስሐቅ ተያዘ፤ ፍርድ ቤት ሳይቀርብ ይኸው ከ20 ዓመት በላይ ሆነው። አሮን ሚስቱንና ልጆቹን ትቶ ነበር የወጣው፤ እዚህ የተገናኙት በ2010 እ.ኤ.አ. ነው።

ቶሮንቶ ላይ ያቋቋመውን የትግርኛ ጋዜጣ «መፍትሕ» አለው፤ ቁልፍ ማለት ነው። ስሙን ባነበብኩ ቁጥር የሚታየኝ በር ነው፤ ውስጥ የቀሩት ሰዎች በር። «ለምን እሱ ብቻ ተረፈ?» የሚል አይጠፋም። እኔ ጥያቄው ለአሳሪው ነው እላለሁ። ግን የተረፈው ሰው ሌሊት ራሱን ሲጠይቅ ማን ዝም ያሰኘዋል?

አሮን በ2021 እ.ኤ.አ. እዚሁ ቶሮንቶ በኮቪድ አረፈ። ዳዊት ዛሬም የት እንዳለ አይታወቅም።