ከየኔታ ደጅ የተማርነው
(በማኅበሩ ዓመታዊ ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር)




ስለ ትምህርት ቤት እንድናገር ስጋበዝ፣ ብዙዎቻችሁ ስለ ሕንፃ፣ ስለ መጽሐፍና ስለ በጀት እናገራለሁ ብላችሁ ሳትጠብቁ አልቀራችሁም። እኔ ግን ልነግራችሁ የመጣሁት ሕንፃም በጀትም ስላልነበረው ትምህርት ቤት ነው፤ በቡሬ አካባቢ፣ በአንድ የገጠር ቤተ ክርስቲያን ቅጽር ሥር ፊደል ስለ ቆጠርኩበት የቄስ ትምህርት ቤት።

የቤተ ክርስቲያን ትምህርት ሲነሣ ቶሎ ትዝ የሚለን የቆሎ ተማሪው ነው። ደበሎውን ለብሶ፣ አኩፋዳውን አንግቶ፣ ቅኔ ፍለጋ ወደ ዋሸራና ወደ ጎንጅ የሚጓዘው ወጣት መነገሩ የሚገባ ነው። ይሁን እንጂ ከእርሱ በፊት ንባብ ቤት አለ። የንባብ ቤት ልጅ ጠዋት ከእናቱ ቤት ወጥቶ ማታ ወደ እናቱ ቤት የሚመለስ ነው። በዚያም ወንድና ሴት ልጅ በአንድ መሬት ላይ ይቀመጣሉ። በእኛ ደጅ ሴቶቹ ጥቂት ነበሩ፤ ቢሆንም ነበሩ።

ትምህርቱ ሥርዓት ነበረው። ልጅ በሀሁ ጀምሮ አቡጊዳን ይቆጥራል፤ ከዚያ ፊደለ ሐዋርያ የምንለውን የዮሐንስን መልእክት፣ ቀጥሎም ወንጌለ ዮሐንስን ያነባል። በመጨረሻ 150ውን መዝሙረ ዳዊት ይደግማል። ንባቡም በግዕዝ፣ በውርድና በቁም እየተባለ ደረጃ በደረጃ ይወጣል። ዳዊት የደገመ ልጅ ወላጆቹ እንደ አቅማቸው ይደግሱለታል፤ የኔታም ይመረቁበታል፤ ጎረቤቱም ይበላበታል። የአንዱ ልጅ ማንበብ የመንደሩ ሁሉ ደስታ ነበር።

መንደሩ ደስታውን ብቻ አልነበረም የሚካፈለው። ለየኔታ ከየቤቱ እህል ይሰፈርላቸዋል፤ እኛም እንጨት ለቅመን፣ ውኃ ቀድተን እናደርሳለን። የትምህርቱም ሰዓት ከገበሬው ኑሮ ጋር የተስማማ ነበር። ከብት የሚያግድ ልጅ ከብቱን ሳያሰማራ በማለዳ መጥቶ ይቀጽላል፤ ማታም ከብቱን አስገብቶ የጠዋቱን ይከልሳል። ትምህርት ቤቱ ልጁን ከሥራው ነጥቆ አልወሰደም፤ ከሥራው ጎን ቦታ አበጀለት።

የኔታ አንድ፣ ተማሪው ብዙ፣ ደረጃውም የተለያየ ነበር። መፍትሔያቸው ትልቁ ታናሹን ማስተማሩ ነው። ዳዊት ደጋሚው ወንጌል አንባቢውን፣ ወንጌል አንባቢው ፊደል ቆጣሪውን ይይዛል። ከ18ኛው መቶ ዘመን መጨረሻ ጀምሮ ስኮትላንዳዊው ቤልና እንግሊዛዊው ላንካስተር ተማሪን በተማሪ የማስተማር ዘዴ ዝነኞች ሆነዋል፤ የእኛ የኔታዎች ግን ስማቸውን እንኳ ሳይሰሙ ሠርተውበታል።

እኔን ፊደል ያስያዘችኝ አንዲት ልጅ ነበረች። በዕድሜ ከእኔ ብዙም አትበልጥም፤ በስንደዶ እየጠቆመች፣ ስሳሳት ሳትቆጣ ደግማ ታስነብበኝ ነበር። ወንጌሉን ጨርሳ ዳዊት እንደ ጀመረች ቀረች። «ለሴት ልጅ ይህ ይበቃታል» ተባለ፤ ብዙም ሳይቆይ ተዳረች። እኔ ወደ ቀለም ትምህርት ቤት አለፍኩ፤ መምህርም ሆንኩ።

በ1971 ዓ.ም. የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ሲታወጅ በዚያው አገር ተመደብኩ። መሃይማን ለመመዝገብ በተሰበሰበው ሕዝብ መካከል አንዲት የልጆች እናት ከኋላ ቆማለች። ስሟን ልጽፍ ስል፣ «እኔን አትጻፈኝ፤ አነባለሁ» አለችኝ። ያቺው ልጅ ነበረች። በማግሥቱ ከጎኔ ቆማ ሴቶቹን ፊደል ታስቆጥር ጀመር። በየቤቱ ስትሄድ ያልተቀበላት አልነበረም። ከእኔ የጎደላት ዕውቀቱ አልነበረም፤ እንድትቀጥል የፈቀደላት ሰው ብቻ እንጂ።

ስለዚህ የኔታን ደጅ ሳመሰግን ጉድለቱን አልሸፍንም። ልምጩ ከልክ ያልፍ ነበር፤ ግዕዙንም ትርጉሙን ሳናውቅ ሸምድደናል። ከሁሉ የከበደው ግን ሴት ልጅን አስገብቶ ከመንገድ መመለሱ ነው። ሴት ልጅ አትችልም የሚለው ነገር ሐሰት መሆኑን ጎጃም ራሱ ያውቃል፤ እማሆይ ገላነሽ ሐዲስ ዓይናቸው ሳያይ ቅኔን ከአባታቸው ተምረው፣ የቅኔ መምህርት ሆነው ወንዶችን አስተምረዋል።

ይህን ሁሉ ዛሬ የማነሣው ለትዝታ ብዬ አይደለም። ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ወዲህ በክልላችን በተነሣው ግጭት ምክንያት ብዙ ትምህርት ቤቶች በራቸው ተዘግቶ መክረሙን ሁላችሁም ታውቃላችሁ። ሕንፃ ሲዘጋ ትምህርት ሁሉ መቆም እንደሌለበት የኔታ ደጅ ያስተምረናል፤ አንድ መምህር፣ አንድ የፊደል ገበታና ልጆቹን የሚጠብቅ መንደር ካሉ መጀመር ይቻላል። ነገር ግን እንዲህ ባለው ጊዜ ከገበታው ፊት መጀመሪያ የምትነሣው ሴቷ ልጅ ናት፤ ትዳራለች፣ ወይም ለቤት ሥራ ትቀራለች። በሩ ሲከፈትም ሳትመለስ ትቀራለች።

ባልደረቦቼ ሆይ፣ የምጠይቃችሁ አንድ ነገር ነው። ወደየቦታችሁ ስትመለሱ የቀሩትን ልጆች በስም ቁጠሩ፤ የሴቶቹንም ደጅ ራሳችሁ አንኳኩ። እኔ ማንበብ የቻልኩት ከመንገድ በተመለሰች ልጅ ጣት ነው። ዕዳዋን ለእርሷ መክፈል ባልችል፣ ለልጅ ልጆቿ እንድንከፍል እለምናችኋለሁ።