አራተኛው ሯጭ



ዛሬ የምነግራችሁ ስለ ሩጫ ነው። «ሩጫ ለገበሬ ምን ይረባዋል?» ትሉ ይሆናል። ቆዩ፤ ነገሩ ስለ ሥራ ነው።

ምሩፅ ይፍጠር ስሙ የታወቀ ነው። «ማርሽ ቀያሪው» ይሉታል። ሐምሌ 20 ቀን 1972 ዓ.ም. በሞስኮ ኦሊምፒክ በ10 ሺህ ሜትር ሩጫ አንደኛ ወጥቶ ወርቅ አገኘ። 10 ሺህ ሜትር ማለት 10 ኪሎ ሜትር ነው። ብርቱ እግረኛ ሁለት ሰዓት ያህል ይሄደዋል። ምሩፅ ግን በ27 ደቂቃ ከ42 ሴኮንድ ጨረሰው።

ታዲያ ምሩፅ ብቻውን ነበር? አልነበረም። መሐመድ ከድርና ቶሎሳ ቆቱ አብረውት ነበሩ። ሦስቱም እየተፈራረቁ ፊት ፊት ሮጡ። አንዴ ያፈጥናሉ፤ አንዴ ቀዝቀዝ ያደርጋሉ። ለምን? ሩጫው አንድ ዓይነት ከሆነ ባላጋራ ይለምደዋል። ሲለዋወጥ ግን ትንፋሽ ያጥረዋል። ደግሞም ፊት የሚሮጥ ሰው ነፋሱን በደረቱ ይቀበላል፤ ከኋላው ያለው ትንሽ ያርፋል። እናንተ በወንፈል እንደምትሠሩት መሆኑ ነው።

300 ሜትር ያህል ሲቀር ምሩፅ ተፈተለከ። ማንም አልደረሰበትም። አንድ የፊንላንድ ሰው ሁለተኛ፣ መሐመድ ከድር ሦስተኛ ሆኑ። ቶሎሳስ? አራተኛ ወጣ። ከመሐመድ የለየው ሁለት ሴኮንድ ያህል ብቻ ነው። ለአራተኛ ግን ሜዳልያ የለም።

ቶሎሳ በዚህ አልቀረም። ኋላ አሰልጣኝ ሆነ፤ የአገራችንን ሯጮች አሠለጠነ። አሰልጣኝ ማለት መቼ መፍጠን፣ መቼ ማረፍ እንደሚገባ የሚያሳይ ሰው ነው። ልጁን እርፍ የሚያስጨብጥ አባት እንደ ማለት ነው። በሞስኮ እነዚህን ሦስት ሯጮች የመራው አሰልጣኝ ንጉሤ ሮባም በወጣትነቱ ራሱ የአጭር ርቀት ሯጭ ነበር። አያችሁ? አንዱ የሮጠውን ለሌላው ያስተምራል፤ ያም በተራው ለሌላው ያስተምራል። ወርቁ ከዚህ ይመጣል።

እዚህ በቦረና ደጋ፣ በመካነ ሰላም ዙሪያም አራተኛ ሰው ሞልቷል። ምርቱ አውድማ ላይ ሲከመር የሚመሰገነው ባለማሳው ነው። በደቦ መጥቶ ያጨደውን፣ ጠላውን የጠመቀችውን፣ ወፍ የጠበቀውን ልጅ ማን ያነሳቸዋል? ያለ እነሱ ግን ክምሩ የለም።

አንድ ነገር ልበልና ላብቃ። ዘር መርጦ ማስቀመጥ የሚያውቅ፣ እርከን አሳምሮ የሚሠራ ሽማግሌ ሳያስተምር ካለፈ ዕውቀቱ አብሮት ይቀበራል። ልጆቹ እንደገና ከሀ ይጀምራሉ፤ አፈሩ ግን እስኪማሩ አይጠብቃቸውም፤ ጎርፍ ይወስደዋል። እናንተ የምታውቁትን ዘንድሮውኑ ለአንድ ልጅ አሳዩ። ሜዳልያ አታገኙበትም። ማሳው ግን ይመሰክርላችኋል።