ምስክሮቹንም አንብቡ

የቤተሰባቸውን ታሪክ የሚያጠኑ አውስትራሊያውያን የአያት ቅድመ አያቶቻቸውን የጋብቻ መዝገብ ሲያገኙ፣ ዓይናቸው ሙሽሮቹ ላይ ያርፋል። ከታች የምስክሮች ስም አለ፤ ይዘለላል። በኒው ሳውዝ ዌልስ የመንግሥት የጋብቻ ምዝገባ የተጀመረው እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1856 ነው። በዚያ ዘመን በገጠር ከተማ ቤተ ክርስቲያን ሙሽሮቹ ይፈርሙ ነበር፣ ምስክሮቹም ይፈርሙ ነበር። መጻፍ የማይችል ምልክት ያደርግ ነበር። ዛሬ አንድ ሰው "ምስክር ሁነኝ" ቢላችሁ፣ ነገሩን አታቅልሉት። "ይሄማ ለወጉ ነው፤ አንዳንዴ የቄሱ ባለቤት ራሷ ትፈርም ነበር" የሚል አይጠፋም። እውነት ነው፣ ትፈርም ነበር። ግን ዘመዱ ሁሉ ባሕር ማዶ ለቀረበት መጤ፣ አጠገቡ የቆመችለት እሷ ናት። የአውስትራሊያ ሕግም ያለ ምስክር አያጋባም።