ክብደት መጨመር የዘገየበትን አራስ ልጅ ስለ ማጥባት
በመንደር ትምህርት ቤት ለተሰበሰቡ ወላጆች የተነገረ ንግግር



የዛሬው ንግግር የሰው ልጅ ወደዚህ ዓለም ሲመጣ ስለሚቀበለው የመጀመሪያ ምግብ ነው። ገበሬ ጥጃው ከላሟ ጡት በሚገባ መጥባቱን በየጧቱ ይመረምራል፤ የጥጃው ጎን ገብቶ ያየው እንደ ሆነም ምክንያቱን ሳይፈልግ አይውልም። በገዛ ቤቱ የተወለደው ሕፃን ከሳ ሲባል ግን ብዙ ሰው «ልጅ በዕድሉ ያድጋል» ብሎ ያልፈዋል። ይህ አነጋገር የተነገረው ለተጨነቀ ወላጅ መጽናኛ እንዲሆን ነው እንጂ ለቸልተኛ ሰው ማመካኛ እንዲሆን አይደለም። ሕፃን አፍ አውጥቶ አይናገርም፤ የሚናገርለት ሰውነቱ ነው። ስለዚህ የሰውነቱን ነገር አንብቦ መረዳት የወላጆች ሥራ ነው።

ከሁሉ አስቀድሞ የሚያስደነግጠውን ቅናሽ ከማያስደነግጠው መለየት ያስፈልጋል። ሕፃን ሁሉ በተወለደ በመጀመሪያዎቹ ቀኖች ክብደቱ ጥቂት ይቀንሳል፤ ይኸውም ከማኅፀን ይዞት የመጣውን ውሃና ጥቁሩን ዐይነ ምድር ስለሚያወጣ ነው። ቅናሹ ከተወለደበት ክብደት ከመቶ 7 ያህል ቢሆን የተለመደ ነው፤ ከመቶ 10 ካለፈ ግን የጤና ባለሙያ ሳያየው ማደር አይገባውም። ከ4ኛው ወይም ከ5ኛው ቀን ወዲያ ክብደቱ ይመለሳል፤ ከ10ኛው እስከ 14ኛው ቀን ባለው ጊዜም የተወለደበትን ክብደት ሊያገኝ ይገባል። ከዚያ በኋላ እስከ 3 ወር ድረስ በቀን ከ20 እስከ 30 ግራም ቢጨምር ዕድገቱ መልካም ነው።

ሚዛን በቅርብ ለሌለው ሰውም ሌላ ምልክት አለ። በሚገባ የሚጠባ ልጅ ከ5ኛው ቀን ጀምሮ በቀንና በሌሊት ቢያንስ 6 ጊዜ ያህል ይሸናል፤ ሽንቱም የነጣ ነው። ዐይነ ምድሩ በመጀመሪያ እንደ ቅጥራን ጥቁር ሆኖ ሳለ በ4ኛው ወይም በ5ኛው ቀን ወደ ቢጫ ይለወጣል፤ በነዚያም ሳምንቶች በቀን 3 ጊዜና ከዚያ በላይ ይወጣዋል። ጨርቁ ደርቆ የሚውል፤ ሽንቱም የጠቆረ ልጅ የሚበቃውን ወተት አላገኘም ማለት ነው።

ነገሩ በግልጽ እንዲታይ አንድ ምሳሌ እናቅርብ። የመጀመሪያ ልጇን የወለደች አንዲት የ19 ዓመት ወጣት አለች እንበል። ልጁ ሲወለድ 2 ኪሎ ከ900 ግራም መዘነ። በ5ኛው ቀን 2 ኪሎ ከ690 ግራም ሆነ፤ ይህ ከመቶ 7 ጥቂት ያለፈ ቅናሽ ስለ ሆነ የሚያስጨንቅ አልነበረም። ነገር ግን በ14ኛው ቀን ቢመዘን 2 ኪሎ ከ700 ግራም ብቻ ሆኖ ተገኘ። በ9 ቀን ውስጥ የጨመረው 10 ግራም ብቻ ነው፤ ደኅና ቢጠባ ኖሮ ግን 200 ግራም ያህል በጨመረ ነበር።

«እንኳን ማርያም ማረችሽ» ለማለት የመጣው ጎረቤት ገንፎውን እየበላ ሦስት ዐይነት ምክር ሰጠ። አንዱ «ወተቷ ቀጭን ነውና ልጁን አያጠግበውም» አለ። ሁለተኛው «የሰው ዐይን ወግቶታል፤ ሸፍኑት፤ ለሚዛንም አታውጡት» አለ። ሦስተኛው «እንጥሉ ወርዶ ነው፤ አዋቂ ይጠራና ይቆረጥ» አለ። እነዚህን ሦስት ምክሮች በየተራ መመርመር ይገባል፤ ምክንያቱም የሕፃኑ ነፍስ በመካከላቸው ተንጠልጥላለች።

የእናት ወተት ቀጭን መስሎ መታየቱ እውነት ነው፤ በተለይም ሕፃኑ መጥባት ሲጀምር የሚወጣው ውሃ ይመስላል። ይህም ጥማቱን ያረካለታል፤ ከመቶ 87 ያህሉም ውሃ ስለ ሆነ በቆላ አገር እንኳ ለአራስ ልጅ ሌላ ውሃ አያስፈልገውም። ጡቱ እየጎደለ ሲሄድ ግን የሚመጣው ወተት ቅባቱ እየበዛ ይሄዳል፤ ልጁን የሚያወፍረው በይበልጥ ይህ ነው። ስለዚህ አንዱን ጡት ጠብቶ ሳይጨርስ ወደ ሌላው የሚዛወር ልጅ ሆዱ ይሞላል እንጂ ክብደት አያገኝም። አንዱን ጨርሶ ራሱ ሲለቅ ነው ሁለተኛው የሚቀርብለት።

ስለ ሰው ዐይን የተባለውም እንዲህ ነው። ወላጅ ልጁን በጸሎት ቢጠብቅ መልካም አደረገ። ነገር ግን ጸሎትን ከሚዛን ጋር የሚያጣላ ምንም ነገር የለም። ሚዛን የልጁን ክብደት ይነግራል እንጂ አይወስድም። ልጁን ከሰው ዐይን ለመሸሸግ ሲባል ከባለሙያ ዐይን የሚሸሽግ ሰው በሽታውን አብሮ ሸሸገው።

የእንጥል መቁረጥ ነገር ግን ከሁሉ የከፋ ነው። እንጥል እግዚአብሔር በጉሮሮ ያኖረው የሰውነት ክፍል ነው፤ ወርዶ ልጅን ከመጥባት የሚከለክል አይደለም። ባልጠራ ስለት ሲቆረጥ ደም ይፈስሳል፤ ቁስሉ ይመረቅዛል፤ ጉሮሮው ስለሚያመውም ቀድሞ በጥቂቱ ይጠባ የነበረው ልጅ ጭራሹን መጥባት ይተዋል። በዚህ ምክንያት የሞቱ ሕፃናት አሉ። ግግ ነው እያሉ ድድ መቧጠጥና መንቀስም እንደዚሁ ነው።

እንግዲህ እውነተኛው ምክንያት ምን ነበር? በምሳሌው ያለችው ወጣት ወደ ጤና ኬላ በሄደች ጊዜ የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዋ አስቀድማ ልጁን መርምራ የበሽታ ምልክት እንደሌለበት አረጋገጠች፤ ቀጥላም «እኅቴ፤ እስቲ አሁን አጥቢውና ልየው» አለቻት። ባየችም ጊዜ አራት ነገር አገኘች።

አንደኛው፤ ልጁ የያዘው የጡቱን ጫፍ ብቻ ነበር። በዚህ ዐይነት የሚጠባ ልጅ ብዙ ይደክማል፤ ጥቂት ያገኛል፤ የእናቱንም ጡት ያቆስላል። እርሷም ሕመሙን ስለ ፈራች ቶሎ ቶሎ ትነጥቀው ነበር። ሁለተኛው፤ ልጁ እንቅልፋም ስለ ሆነ ሲያለቅስ ብቻ ይጠባ ነበርና በቀንና በሌሊት የሚጠባው 5 ጊዜ ብቻ ነበር። ሦስተኛው፤ በመጀመሪያዎቹ ቀኖች የወጣው ቢጫ ወተት፤ እንገር የሚባለው፤ ቆሻሻ ነው ተብሎ ታልቦ ተደፍቷል። አራተኛው፤ አማቷ በየጧቱ ቅቤ ያልሱት፤ ማታ ማታም የስኳር ውሃ ያጠጡት ነበር።

አማቲቱ ይህን ያደረጉት በክፋት አይደለም፤ የልጅ ልጃቸውን ስለሚወዱ ነው። ስለዚህም «የኔ ልጆች ሁሉ በዚሁ ነው ያደጉት» ብለው ተከራከሩ። ባለሙያዋም «እማማ፤ ልጆችዎ ያደጉት ቅቤውን ችለው ነው እንጂ በቅቤው አይደለም። የዚህ ልጅ ሆድ የእጁን ጭብጥ አያህልም፤ በስኳር ውሃ ከሞላ ለወተቱ ቦታ የለውም» ብላ በትሕትና መለሰችላቸው።

ነገሩም እንዳለችው ነው። የአራስ ልጅ ሆድ እጅግ ትንሽ ስለ ሆነ በመጀመሪያው ቀን የሚችለው አንድ የሻይ ማንኪያ ያህል ብቻ ነው። እንገሩም በመጠኑ ጥቂት የሆነው ስለዚህ ነው፤ በኀይሉ ግን ታላቅ ነው፤ ልጁን ከበሽታ የሚጠብቅ የመጀመሪያ ጋሻ ነው። ስለዚህ ሕፃን በተወለደ በአንድ ሰዓት ውስጥ ጡት መያዝ ይገባዋል። ወተቱ በብዛት የሚመጣው በ3ኛው ቀን ገደማ ነው። እስከ 6 ወር ድረስ ከእናት ጡት በቀር ባለሙያ ካዘዘው መድኃኒት ሌላ ምንም አይሰጠውም፤ ውሃም፤ የአብሽ ውሃም፤ ቅቤም፤ ማርም ቢሆን። ማር በተለይ አንድ ዓመት ላልሞላው ልጅ አደገኛ ነው። የዱቄት ወተትም ባለሙያ ካላዘዘው በቀር አይጀመር፤ ውሃውና ጡጦው ካልጠራ ተቅማጥ ያመጣልና። የዓለም ጤና ድርጅት ጉባኤ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1981 ዓ.ም. የእናት ጡት ምትክ የሚሸጡ ነጋዴዎችን ማስታወቂያ የሚገታ ደንብ ያጸደቀው ስለዚህ ነው።

ጡት እንደ ጎተራ አይደለም። ጎተራ በተዛቀ ቁጥር ይጎድላል፤ ጡት ግን እንደ ምንጭ ነው፤ በተቀዳ ቁጥር ይመነጫል፤ የተተወ ምንጭ ግን ይደፈናል። ስለዚህ ወተት አነሰኝ የምትል እናት መድኃኒቷ ማጥባትን ማብዛት ነው። አራስ ልጅ በ24 ሰዓት ውስጥ ከ8 እስከ 12 ጊዜ መጥባት ይገባዋል። ክብደቱ የዘገየበት ልጅ ቢተኛ እንኳ 3 ሰዓት ሳያልፍ ይቀሰቀሳል፤ መጠቅለያው ይፈታል፤ እግሩና ጀርባው በቀስታ ይታሻል። የሌሊቱም ማጥባት አይቀር፤ ወተትን የሚያዘጋጀው የሰውነት ቅመም በሌሊት ይበዛልና።

አያያዙም እንደሚከተለው ነው። እናቲቱ ጀርባዋን አስደግፋ ትቀመጥ። የልጁ ሆድ ከሆዷ ጋር ይግጠም፤ ራሱና ገላው በአንድ መስመር ይሁን፤ አንገቱ አይጠምዘዝ። ከንፈሩን በጡቷ ጫፍ ነካ ታድርገው፤ አፉን እንደሚያዛጋ ሰው በሰፊው ሲከፍት ወደ ጡቱ ፈጥና ታቅርበው፤ ጡቱን ወደ ልጁ አታጉብጥ። የጡቱን ጫፍ ብቻ ሳይሆን በዙሪያው ያለውን ጠቆር ያለ ክፍል፤ ይልቁንም የታችኛውን፤ ሊጎርስ ይገባዋል። አገጩ ጡቱን ከነካ፤ የታች ከንፈሩ ወደ ውጭ ከተገለበጠ፤ ሲውጥም ከተሰማ በሚገባ ይዟል። ካመማት ግን አያያዙ ተሳስቷልና ትንሿን ጣቷን በአፉ ጠርዝ አስገብታ አስለቅቃ እንደ ገና ታስይዘው።

ልጁ ደክሞ መጥባት ቢያቅተው እጇን በሳሙና ታጥባ ወተቱን በንጹሕ ሲኒ ትለብ፤ ልጁንም ቀና አድርጋ ይዛ ከሲኒው ከንፈሩን እያስነካች በጥቂት በጥቂቱ ታጠጣው። ከ2 ኪሎ ከ500 ግራም በታች የተወለደ ልጅም በእናቱ ደረት ላይ ገላ ለገላ ታቅፎ ቢውል ሙቀቱን ይጠብቃል፤ ለመጥባትም ይነቃል። ይህን ዘዴ ኤድጋር ሬይ ሳናብሪያ የተባለ ሐኪም እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1978 ዓ.ም. በኮሎምቢያ አገር በቦጎታ ከተማ ጀመረው፤ ዛሬም በኢትዮጵያ ሆስፒታሎች ይሠራበታል።

አባቶችም ይህን የሴቶች ነገር ነው ብለው እንዳይተዉት ያስፈልጋል። የነቢዩ የሳሙኤል እናት ሐና ስእለት ያለባት ሴት ስትሆን ልጇ ጡት እስኪጥል ድረስ ወደ ሴሎ ሳትወጣ በቤቷ ቆየች፤ ባሏ ሕልቃናም ይህን ፈቀደላት። አራስ ውሃ ልትቀዳና እንጨት ልትሸከም ከወጣች ልጁ ጾሙን ይውላል። እርሷም ከወትሮው ምግቧ በላይ ትብላ፤ አጥሚቱንና ወጡን አብዝታ፤ በተጠማችም ጊዜ ትጠጣ። የጾም ወራት ቢመጣ ስለ ራሷና ስለ ልጇ ከንስሐ አባቷ ጋር ትመካከር እንጂ ፈርታ አትራብ።

ይሁን እንጂ የክብደት መዘግየት ሁሉ በማጥባት ብቻ የሚድን አይደለም። ልጁ መጥባት ቢተው፤ ቢቀሰቀስ የማይነቃ ቢሆን፤ ሰውነቱ ቢተኩስ ወይም ቢቀዘቅዝ፤ በአንድ ደቂቃ 60 ጊዜና ከዚያ በላይ ቢተነፍስ፤ ቢያንቀጠቅጠው፤ መዳፉና ውስጥ እግሩ ቢጫ ቢሆን፤ ወይም እትብቱ ቢመግል፤ ነገ ሳይባል በዚያው ሰዓት ወደ ጤና ጣቢያ ይወሰድ። በመንገድም ሳለ ገላ ለገላ ታቅፎ ይሂድ፤ መጥባት የሚችል ከሆነም ይጥባ። ምላሱ ከሥር የተያዘ ልጅም አለ፤ እርሱን ሐኪም ይየው እንጂ በቤት አይነካ። እናቲቱም ደም ካልቆመላት ወይም ትኩሳት ካላት ትመርመር፤ የእናት ሕመም ወተቷን ሊያሳንሰው ይችላልና።

በምሳሌው ያለው ልጅ አያያዙ ከተስተካከለ፤ በቀንና በሌሊት 10 ጊዜ ከጠባ፤ ቅቤውና የስኳር ውሃውም ከተተወለት በኋላ በ21ኛው ቀን 2 ኪሎ ከ880 ግራም፤ በ28ኛው ቀን 3 ኪሎ ከ80 ግራም ይሆናል እንበል። በሁለት ሳምንት 380 ግራም መጨመሩ ነው፤ ይህም በቀን 27 ግራም ያህል ነው። ለዚህ ሁሉ ከቤቱ የወጣ ገንዘብ የለም። አማቲቱም ከዚያ ወዲያ ልጁን በየ3 ሰዓቱ የሚቀሰቅሱት እርሳቸው ሊሆኑ ይችላሉ፤ ቅቤውንም ለአራሷ ገንፎ ያደርጉታል፤ ቦታውም እዚያ ነው።

ከዚህ የተገኛችሁ የትምህርት ቤት ልጆች ማንበብና መቁጠር የተማራችሁት ለዚህ ዐይነቱ ሥራ ጭምር ነው። በቤታችሁ ሕፃን ሲወለድ የክብደቱን ቁጥር ከነቀኑ ጻፉ፤ ለእናታችሁም አንብቡላት። ቁጥሩ ከፍ ካለ ደስ ይበላችሁ፤ ባለበት ከቆመ ወይም ከወረደ ወደ ጤና ኬላው ሂዱ በሉ።

እግዚአብሔር ያራሶችን ጡት ይባርክ፤ ሕፃናቱንም ያሳድግልን።