መልካም ሽታ ለቤታችን፣ ጥንቃቄ ለሕፃናቶቻችን

ለቤታችን መልካም ሽታ የሚሰጥ ጄል በገዛ እጃችን መሥራት እንችላለን። 28 ግራም ጣዕም የሌለው የጄላቲን ዱቄት በ1 ኩባያ የፈላ ውኃ እናሟሟለን። ቀጥሎም 1 ኩባያ ቀዝቃዛ ውኃ፣ ሻጋታን የሚያዘገይ 2 የሾርባ ማንኪያ ጨውና 20 ጠብታ የባሕር ዛፍ ዘይት እንጨምርበታለን። ከዚያም ለመጠጥ በማንጠቀምበት ብርጭቆ ገልብጠን እስኪረጋ እንተወዋለን።

ነገር ግን አንድ አደራ አለኝ። የረጋው ጄል ለሕፃን ዓይን ጣፋጭ ምግብ ይመስላል። የባሕር ዛፍ ዘይት ደግሞ ጥቂቱ እንኳ ቢዋጥ ሕፃንን ሊያንፈራግጥ ይችላል። ስለዚህ የሚያምር ቀለም አንጨምርበት፤ ብርጭቆውንም የዘይቱንም ጠርሙስ የልጅ እጅ ከማይደርስበት እናኑር። ምናልባት ልጅ ቢውጠው ለማስመለስ ሳንሞክር ፈጥነን ወደ ሐኪም ቤት እንውሰደው። የቤት ጌጡ ሽታው ሳይሆን ልጁ ነውና።