ልዩ ልዩ ክፍሎች ያሉትን ሶፍትዌር በአንድ ስለ መጠቅለል



ከላሊበላ ተነሥቶ በብልባላ በኩል ወደ ይምርሐነ ክርስቶስ የሚጓዝ ሰው ሁለት ዓይነት የሕንፃ ጥበብ ይመለከታል። ብልባላ ጊዮርጊስ ከዓለት የተፈለፈለ በመሆኑ መጋጠሚያ የለውም። በዋሻ ውስጥ የታነጸው ይምርሐነ ክርስቶስ ግን እንጨቱና ድንጋዩ በተራ የተደረደሩ ሲሆኑ፣ ድርድሩም ለተመልካች በግልጽ ይታያል። የዛሬው ጉዳያችን የሚመስለው ይህን ሁለተኛውን ነው።

በሊኑክስ አማርኛ ለመጻፍ የሚያገለግል አንድ ሥራ እናስብ። በሲ ቋንቋ ተጽፎ ወደ ማሽን ቋንቋ የተለወጠ ፕሮግራም፣ በፓይተን የተዘጋጀ የቃላት ማረሚያ፣ የቁልፍ ሰሌዳ ሠንጠረዥና አቢሲኒካ የተባለው ቅርጸ ፊደል አሉበት። ፕሮግራሙ ለአንድ ዓይነት ፕሮሰሰር ብቻ ሲሆን የቀሩት በማናቸውም ላይ ያገለግላሉ። በዴብያን ደንብ ሁሉም በአንድ ጥቅል ቢከተቱ መላው ጥቅል የፕሮግራሙን መለያ ይይዛል፤ ፊደሉም ለየፕሮሰሰሩ ዓይነት ደግሞ ደጋግሞ ይጠቀለላል። ይህ ብክነት ነው፤ ሆኖም ጉዳት አያደርስም።

ጉዳቱ ያለው ከዚህ ቀጥሎ ነው። አቢሲኒካ በዴብያን የራሱ ጥቅል አለው። እኛም ያንኑ ፋይል በዚያው ቦታ ብናስቀምጥ፣ ተካዩ ፕሮግራም ፋይሉ የሌላ ጥቅል መሆኑን አስታውቆ ሥራውን ያቆማል። ፊደሉን ትተን በጥገኝነት ብቻ ብናስመዘግበው ደግሞ፣ ኢንተርኔት በሌለበት በአንድ የብልባላ መማሪያ ክፍል ፋይሎቹ ይዘረጋሉ እንጂ ተከላው አይፈጸምም። ትዕግሥቱ ያለቀበት ባለሙያ በዚህ ጊዜ ፋይሉን በግድ ያስተካል። ቆይቶ የእኛ ጥቅል ሲነሣ ግን ፊደሉን ይዞ ይሄዳል፤ ሌላ የግዕዝ ፊደል ከሌለም የተማሪዎቹ ጽሑፍ ባዶ ሳጥን ሆኖ ይቀራል።

እንደ እኔ አስተያየት ፕሮግራሙ ለብቻው፣ ማረሚያውና ሠንጠረዡ በሌላ ጥቅል ይዘጋጁ፤ ፊደሉም ዴብያን እንዳዘጋጀው ይወሰድ። ከዚያም የሦስቱን ስም ብቻ የሚጠራ አንድ አነስተኛ ጥቅል ይጨመር። እነዚህ ሁሉ፣ የሚሹአቸውም ተጨማሪ ጥቅሎች ሳይቀሩ፣ በአንድ ፍላሽ ተጭነው ይጓዙ። ለተጠቃሚው አንድ ነገር ሆኖ መታየቱ ይበቃል።

የፈቃዱም ነገር እንዲሁ ነው። የአቢሲኒካ ፈቃድ ፊደሉ ከማናቸውም ሶፍትዌር ጋር እንዲጠቀለል ይፈቅዳል፤ ለብቻው እንዳይሸጥ፣ የፈቃዱም ቃል እንዳይለየው ግን ያዛል። ስለዚህ በቅጂ መብት መግለጫው ላይ የእያንዳንዱ ክፍል ፈቃድ ለየብቻው ይጻፋል።