የአህያዋን ኃጢአት ወደ አማኑኤል ስለ መውሰድ
(በማኅበራችን የቴያትር ክፍል ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር)



በመጪው የዕረፍት ጊዜ አማኑኤል ላይ የምናሳየው ጨዋታ የአህያዋ ኃጢአት የተባለው የቆየ ተረት እንዲሆን ከተወሰነ ወዲህ፥ በግቢው ውስጥ ሁለት ዓይነት ሐሜት ሰምተናል። አንደኛው «ዩኒቨርስቲ ድረስ ተምራችሁ የልጅ ተረት ትጫወታላችሁ ወይ?» የሚል ነው። ሁለተኛው «ለገበሬው የሚጠቅም ትምህርት ጠፍቶ ነው ወይ?» ይላል። ሐሜት በጓሮ ከሚከርም በአደባባይ መልስ ቢያገኝ ይሻላልና፥ የዛሬው ንግግራችን በዚሁ ላይ ነው።

ተረቱን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። ክፉ ዘመን ይመጣና አንበሳ፥ ነብር፥ ጅብና አህያ ተሰብስበው «መዓቱ የመጣው ከመካከላችን አንዱ ቢበድል ነው፤ እንናዘዝ» ይባባላሉ። አንበሳ በሬ ሰብሮ መብላቱን ሲናገር ሁሉም «ይህ ምን ኃጢአት አለበት!» ይሉታል። ነብርም ጅብም በየተራቸው የበሉትን ተናዘው በነጻ ይለቀቃሉ። በመጨረሻ አህያ «ጌታዬ ጭነቴን ሳያወርድልኝ ከወዳጁ ጋር ቆሞ ሲጫወት፥ ከመንገዱ ዳር ጥቂት ሣር ነጨሁ» ትላለች። ያን ጊዜ ሦስቱም «ለካ ጉዱን ያመጣሽብን አንቺ ነሽ!» ብለው ይበሏታል።

ይህ የልጅ ነገር ነውን? ፈረንሳዊው ላ ፎንቴን ወረርሽኝ ስለ ያዛቸው አውሬዎች ይህንኑ የመሰለ ተረት በ1678 እ.ኤ.አ. አሳትሟል፤ ነገሩም ፍርድ ለኃያሉና ለደካማው አንድ አለመሆኑ ነው። የእኛ አገር ዘመናዊ ቴያትርም ቢሆን የተወለደው ከአውሬ ተረት ነው። በሩስያ ተምረው የተመለሱት፥ በኋላም የ1923 ዓ.ም.ን ሕገ መንግሥት ያረቀቁት በጅሮንድ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም በላ ፎንቴን ተረቶች ላይ ተመሥርተው «ፋቡላ፥ የአውሬዎች ኮሜዲያ»ን ጻፉ። ጨዋታው በአዲስ አበባ በቴራስ ሆቴል ለመኳንንቱ ታየ። በመድረኩ ላይ የማንም ሹም ስም አልተጠራም፤ የተናገሩት አውሬዎች ብቻ ነበሩ። ነገር ግን የዘመኑ አስተዳደር ራሱን በአውሬዎቹ ውስጥ አየና በንግሥት ዘውዲቱ ዘመን ጨዋታው ታገደ። ተረት የልጅ ማስተኛ ብቻ ቢሆን ኖሮ፥ ማን ለማገድ ይደክም ነበር?

ሁለተኛው ሐሜት የሚነሣው አገሩን ካለማወቅ ነው። የማቻክሏ አማኑኤል ከደብረ ማርቆስ ወደ ባሕር ዳር በሚወስደው መንገድ ላይ የምትገኝ ከተማ ናት። ጎረቤቷ ደብረ ኤልያስ ዮፍታሔ ንጉሤን ያበቀለች አገር ናት። ዮፍታሔ ቅኔውን ይዞ አዲስ አበባ ገባ፤ በቅዱስ ጊዮርጊስ ትምህርት ቤት ሲያስተምርም የገዛ ተማሪዎቹን ተዋንያን አድርጎ ቴያትር አሳየ። ሐዲስ ዓለማየሁም የተወለዱት ከደብረ ማርቆስ አጠገብ እንዶዳም ኪዳነ ምሕረት ነው። ገና ተማሪ ሳሉ «የሐበሻና የወደኋላ ጋብቻ» የተባለ ቴያትር ጽፈዋል። በ1958 ዓ.ም. «ፍቅር እስከ መቃብር»ን ከማሳተማቸው አስቀድሞም፥ በ1948 ዓ.ም. «ተረት ተረት የመሠረት» የተባለውን መጽሐፍ አውጥተዋል። እንግዲህ ለዚህ አገር ሰው ስለ ፍርድ መጓደል ትምህርት ልንሰጥ ብንነሣ፥ ለቀባሪው ማርዳት ይሆንብናል። ተረቱን ግን እኛ ብንሠራለት፥ ሰሙን ተቀብሎ ወርቁን ራሱ ያወጣዋል።

ስለ አጨዋወታችንም ጥቂት እንበል። በእንግሊዝ አገር በገና ሰሞን ፓንቶማይም የተባለ የተረት ጨዋታ ይታያል። ወንድ ተዋናይ አሮጊት መስሎ ይወጣል፤ ሕዝቡም ዝም ብሎ አይመለከትም፤ ክፉው ሰው ከኋላ ሲመጣ «ኧረ ከኋላህ ነው!» እያለ ይጮኻል። ይህ ለእኛ እንግዳ ነገር አይደለም። በ2009 ዓ.ም. ያረፉት አባባ ተስፋዬ ሣህሉ፥ በኢትዮጵያ ቴሌቪዥን ከ40 ዓመት በላይ ለልጆች ተረት ከመንገራቸው በፊት፥ ሴት ተዋናይ ባልነበረበት ጊዜ ሴት ሆነው በመድረክ ይጫወቱ ነበር። ተረት ነጋሪም «ተረት ተረት» ሲል «የላም በረት» ካልተባለ አይቀጥልም። ስለዚህ በእኛ ጨዋታ አውሬዎቹ ያለ ቃል በአካላቸው ብቻ ይጫወታሉ፤ የሚናገረው ተረት ነጋሪው ነው፤ የሚመልስለትም ሕዝቡ ነው። አንበሳው ጎፈር ይደፋል፤ ጅቡ በርኖስ ይለብሳል፤ አህያዋ ኩርታን ትጫናለች። ከዚህ የበለጠ ወጪ የለብንም።

ብርቱ ክርክር የተነሣው በመጨረሻው ላይ ነው። ከመካከላችን አንዳንዶች «አህያዋ መትረፍ አለባት፤ ሕዝቡን ተስፋ አስቆርጠን መመለስ አይገባንም» አሉ። ሌሎች ደግሞ «ብትተርፍ ተረቱ ውሸት ይሆናል፤ ገበሬውም ይስቅብናል» ሲሉ ተከራከሩ። ሁለቱም ወገኖች ቁም ነገር አላቸው። ተስፋን በመድረክ ላይ በነጻ ማደል ቀላል ነው፤ ነገር ግን ተመልካቹ ወደ ቤቱ ሲመለስ የሚያገኘው ያንኑ አንበሳ ነው። መበላቷን ብቻ አሳይተን ብንወርድ ደግሞ፥ አህያዎች ሁሉ አፋቸውን ዘግተው እንዲኖሩ የመከርን እንመስላለን።

የተስማማንበት ይህ ነው። አህያዋ እንደ ተረቱ ትበላለች። ከዚያ በኋላ ግን ውርንጭላዋ በባዶው ኩርታን አጠገብ ትቆማለች፤ ተረት ነጋሪውም «ለዚህች ልጅ ጠበቃ የሚቆም ማን ነው?» ብሎ ሕዝቡን ይጠይቃል። ጎጃም በላ ልበልሃ ብሎ መሟገትን የሚያውቅ አገር ነው። የተነሣው ሰው ከአንበሳው ጋር ይሟገት፤ ሽማግሎች ይፍረዱ። ፍርዱን እኛ አስቀድመን አንጽፈውም። የሚነሣ ሰው ቢጠፋ እንኳ፥ ዝምታው ራሱ መልስ ነውና ተቀብለን እንመለሳለን።

እንግዲህ የቀረን የሰው ጉዳይ ነው። ለአንበሳነት የተመዘገቡት ከሚያስፈልገን በላይ ናቸው፤ ነብርና ጅብም አልታጡም። ለአህያነት ግን እስከ ዛሬ አንድም ስም አልተጻፈም። የአህያዋ ድርሻ ከሁሉ ይከብዳል፤ ጨዋታው በሙሉ የሚያርፈው በእርሷ ጀርባ ላይ ነው። ልምምዱ ሊጀመር ስለ ሆነ፥ ወንድም ሆነ ሴት፥ ጫንቃው የሚችል ሁሉ ስሙን ለክፍሉ ጸሐፊ እንዲያስጽፍ በአክብሮት እንለምናለን።